ሰይድን በእጅ ያስተነፈስንበት ሰሞን

እኔ ለአንድ ሰሞን የሌላ ሰው ሳንባ ሆኜ ሠርቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴ እንኳ፣ ስንት ውሸቴን በፈገግታ ያሳለፈች ሴት፣ እዚህች ላይ ስደርስ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ግን የሆነው ይሄ ነው። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ የመተንፈሻ ማሽን የሚባለው ነገር በኛ አገር በወሬ እንኳ ባልተሰማበት ዘመን፣ እኔ የመርሳው ጎሚስታ፣ ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር ተራ ገብቼ፣ ወልዲያ ላይ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሜ፣ መተንፈስ ያቃተውን ጓደኛዬን በእጄ አስተንፍሼዋለሁ። የላስቲክ ከረጢት ስጨምቅ ደረቱ ይነሳል፣ ስለቅ ደረቱ ይወርዳል። ካቆምኩ አለቀ። ዛሬ ለዚህ ሥራ የቤት ዋጋ የሚያወጣ ማሽን ነው የሚገዙት። እኛን በሻይና በዳቦ ነበር ያሠሩን፤ ዳቦውንም ከቤታችን ይዘን ነው የመጣነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን የሚስቴ ወንድም ሕመም ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡትና ልጠይቀው ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ያ ሽታ ተቀበለኝ፤ አልኮል፣ የታጠበ ሲሚንቶ፣ የሞቀ ላስቲክ። ለናንተ የሆስፒታል ሽታ ነው፤ ለኔ የወጣትነቴ ሽታ ነው፣ ምን ላድርግ። አማቼ ተኝቷል፣ አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፣ አጠገቡ የቆመው ማሽን ሽው ይልና ዝም ይላል፣ ሽው ይልና ዝም ይላል። ቆሜ አዳመጥኩት። ከዚያ ለነርሷ፣ «ይሄን ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ» አልኳት። «ቴክኒሽያን ነበሩ አባባ?» አለችኝ። «የለም፣ ማሽኑ ነበርኩ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና የአማቼን ግንባር ትታ የኔን ነካች። ትኩሳት ፈልጋ ነው። ደግሞ አባባ ስትለኝ። እኔ ገና መሀል ዕድሜ ላይ ነኝ ያለሁት፤ መሀሉ ትንሽ ረዘመብኝ እንጂ።

ያኔ መርሳ ማለት አስፋልቱ ነው። ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ፍራፍሬ ሻጭ። ከደሴ የሚመጣው አውቶብስ ገና ሳይቆም ሴቶቹ ማንጎና ፓፓያቸውን ሽቅብ በመስኮት ያቀብላሉ፤ በአንዲት ስሙኒ እቅፍ ሙሉ ብርቱካን ይዘህ ትገባለህ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበረች። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰፍራ ስለምትወጣ፣ ያለቀች ለታ ከረሜላ ባፍህ ይዘህ መራራውን ትጠጣለህ፤ ከረሜላው ሳያልቅ ሻዩን የጨረሰ ጎበዝ ይባል ነበር። ልብስ ካኪ ነው። ሱሪው ካኪ፣ ሸሚዙ ካኪ፣ ጃኬቱ ካኪ፤ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ከሚዜው የምትለየው በፍርሃቱ ነበር። እኔ ግን ደሴ ያሰፋሁት፣ ግርጌው መንገድ የሚጠርግ ቡናማ ሱሪ ነበረኝ። ሞዱ አልፎበታል ይሉኛል፤ መርሳ ላይ ግን ገና መድረሱ ነበር። ወልዲያ የሄድኩ ቀን ደግሞ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለው የሙዚቃ ቤት ጥግ አልጠፋም። ባለቤቱ ቴፑን በር ላይ አውጥቶ አምባሰሉን ይለቀዋል። ካሴት መግዣ የሌለን እዚያው ግድግዳ ተደግፈን እንሰማለን፤ ሲሰለቸው መጥረጊያ ይዞ ይወጣብናል። ዘፈን የተማርኩት እዚያ ነው፣ ማንበብ የተማርኩት ደግሞ ዳቦ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ለዚህ ነው የአንዳንድ ነገር መጨረሻው የማይታወቀኝ፤ ዳቦው አጭር ከሆነ ዜናውም አጭር ነው።

የሥራ ቦታችን ቤት አልነበረውም። የዛፍ ጥላ፣ አንድ የጎማ መንፊያ ፖምፓ፣ የተበሳ ካላማዳርያ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የሚነከርበት የውሃ በርሜል፣ ሁለት ሰው። አንዱ እኔ ካሳው ነኝ፣ ሁለተኛው ሰይድ ነው። ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርክር የሚወድ ልጅ ነበር። ፀሐይ ወጣች ስለው፣ «ማን ነው እሱ ያለህ?» ይለኛል። አንድ ቀን የኤንትሬ የጭነት መኪና ጎማ እየነፋን ሳለ ጎማውን የሚይዘው የቸርኬው የብረት ቀለበት ተፈናጥሮ ቅልጥሙን መታው። አጥንቱ ተርፏል፣ ሥጋው ግን ተከፈተ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ናፍጣ አፈሰሰበትና በጨርቅ አሰረው። «ክሊኒክ ሂድ» አልኩት። «ክሊኒኩ ከቀበሌው ጋር ግድግዳ ይጋራል» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያን ሰሞን ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ለውትድርና ይፈለጋል፣ መንገድ ላይ የተገኘው ይታፈሳል። እኔን አንዱ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚንሸዋረር ሁለቴ መርምረው መልሰውኛል፤ ሰይድ ግን ዓይኑም እግሩም ሙሉ ነው። ስለዚህ ጤና ፍለጋ ሄዶ ጠብመንጃ ተሸክሞ ከሚመለስ፣ እናቱ ቤት ከመርሳ በላይ ወጥቶ ተደበቀ። እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሰውየው ሞትን ሸሽቶ ሞት አልጋ ላይ ተኛ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ እማማ ዘይነባ ራሳቸው አስፋልቱ ድረስ ወርደው መጡ። ሴትዮዋ ቁጣቸው የታወቀ ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው አልወጣ አለ። «ካሳው፣ ልጄ ያወራል፣ ግን ከኔ ጋር አይደለም የሚያወራው» አሉኝ። ሄጄ ሳየው እግሩ እንደ ግንድ አብጧል፣ ሰውነቱ እሳት ነው፣ እንደ ሮጠ ውሻ ያለከልካል፣ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኗል። የእህል ጭነት የያዘ መኪና ለምኜ ከጆንያው ላይ አስተኛነውና ወደ ወልዲያ ነዳን። እኔ መንገዱን ሙሉ ስቆጣ ነው የሄድኩት። ናፍጣ ሰው ላይ ይፈሳል ወይ፣ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይሄ፣ እያልኩ። ሲሪንቃን ስናልፍ ዝም አልኩ። አልመለሰልኝማ። ሰይድ ተሰድቦ ሳይመልስ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ዶክተር ገና ልጅ እግር ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ አፍሮ ካለፈበት በኋላ አፍሮ ያበጠረ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ። ሰይድን እንዳየ፣ «ደሙ ተመርዟል» አለና ካርድ ሳይወጣ፣ አልጋ ሳይያዝ፣ እዚያው በቃሬዛው ላይ መርፌውንም ግሉኮሱንም ጀመረለት። በኋላ እንደነገረኝ ራሱ የያዘው ምርምር ነበር። ቁስል አመርቅዞ ደሙ የተመረዘ ሰው ሁሉ የሚሞት የሚመስላቸው አሉ፤ እሱ ግን መድኃኒቱና ግሉኮሱ በር ላይ ቢጀመር፣ ትንፋሹ ሲደክም ደግሞ መርዙ እስኪሸነፍ ድረስ ቢታገዝ፣ ብዙ ሰው ይተርፋል ባይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግማሹን፣ የመድኃኒቱን ብቻ ነበር የሞከረው። ለሁለተኛው ግማሽ ማሽን የለውም።

በማግስቱ የሰይድ ትንፋሽ ደከመ። ዶክተሩ በአፉ ቱቦ አስገባለት፣ ከቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ኳስ ያለች የላስቲክ ከረጢት ገጠመ፣ ከረጢቷን ከኦክስጅኑ ሲሊንደር ጋር አያያዘና መጭመቅ ጀመረ። እየጨመቀ ነው ያናገረን፣ እኔንና እማማ ዘይነባን። «ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ይህችን መጭመቅ አለበት። ቀንም ሌሊትም። እኔና ነርሶቹ ሌላም በሽተኛ አለብን። ሰው አላችሁ?» እኔ በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቄ መጣ። ወረዳችን ሀብሩን የሚያህል አገር ይዘን ሰው አላችሁ ወይ ይባላል?

መርሳ በሚወርድ ሹፌር መልእክት ላክንና፣ ሰዉ እስኪመጣ ነርሶቹ አልፎ አልፎ እየተኩኝ እኔ ያዝኩት። ክንዴ የጎሚስታ ክንድ ነው፣ ከረጢቷን እስከ ጥግ ድፍጥጥ አደረግኳት። ዶክተሩ እጄን ያዘኝ። «ጎማ አይደለም የምትነፋው።» «ታዲያ ይሙላለት እንጂ» አልኩ። «የታመመ ሳንባ ሲበዛበት ይቀደዳል። በትንሹ፣ ቀስ ብለህ። ከዚያ እስኪወጣ ጠብቅ።» እንግዲህ ዛሬ ሬዲዮ ላይ ስለ ጽኑ ሕሙማን የሚያወሩት ሐኪሞች ለታመመ ሳንባ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሻለው ሲሉ ስሰማ፣ ሬዲዮኑን ወደ ሚስቴ አዙሬ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ከፍ ባደረግኩት ቁጥር ትዘጋዋለች።

ቅሬያችን በማግስቱ በጠዋቱ አውቶብስ መጣ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀባበረው። ጎረምሶቹ አፈሳ ፈርተው ቀሩ፤ የመጡት ሽማግሌዎችና ሴቶች ናቸው። አፉ ውስጥ ቱቦ ለተሰካ ሰው ገንፎ ይዘው መጥተዋል። አጥሚት ይዘዋል። ክፍሉን ሞሉት። አንዷ፣ «ነፋስ ይመታዋል» ብላ መስኮቱን ዘጋች፤ ከፈትኩት፤ ሌላዋ ዘጋችው። አየር አጥሮት ለተኛ ሰው አየሩን ሲዘጉበት እያየሁ እኔ ራሴ ትንፋሽ አጠረኝ። ለቅሬው ዳኛ ለአባባ ይመር፣ «ኧረ እባክዎ አንድ ነገር ይበሏቸው» አልኳቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው ዶክተሩን ጠየቁት። «ምንድን ነው የምታደርጉት ለልጃችን?» «ምርምርም ነው፣ ሕክምናም ነው» አላቸው የዋሁ ሰው። ሀብሩ ላይ ምርምር ማለት የሲሪንቃው እርሻ ጣቢያ ነው፤ ማሽላ በመደብ በመደብ ተዘርቶ የትኛው እንደሚሻል የሚታይበት። አባባ ይመር ሰይድን አዩት፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ አልጋ አዩት። «እና ሌላኛው መደብ የታለ? ያለዚህ ነገር የተኛው?» ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያኛው አባባ፣ ባለፈው ወር ነበር። ሞቷል» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሰማችሁ? እንግዲህ ደቦ ነው። ተራ ያዙ።»

ደቦ ባይሉ ኖሮ ጥሩ ነበር። ደቦ ያሉት ሰዓት ነው ነገሩ የተበላሸው። የኛ ሰው ደቦ ሲባል የሚያውቀው አጨዳ ነው፤ ሁለት ረድፍ ይሆናል፣ ይዘፈናል፣ ማን ቀድሞ ይጨርሳል ይባላል። ሳይነጋገሩ ለሁለት ተከፈሉ። በአንድ ወገን መርሳ፣ በሌላ ወገን የእማማ ዘይነባ ዘመዶች ከውርጌሳ። የመርሳው ሽማግሌ ሲጨምቅ የመርሳ ሴቶች የአጨዳውን ዜማ ዝቅ አድርገው ያወጡለታል። ዜማው ሲሞቅ እጁ ይፈጥናል። ከዚያ የውርጌሳው ይቀበልና፣ «የናንተ እጅ ዝሏል፣ ይሄን እዩ» ብሎ በእጥፍ ያስኬደዋል። «ቀስ በሉ» አልኳቸው። «አንተ ሰነፍ፣ ደቦ ላይ ቀስ በሉ ይባላል?» አለኝ አንዱ። «ሰው ነው እኮ፣ ጤፍ አይደለም።» «ጤፍም ሰው ነው የሚያጭደው» አለኝ።

ውርጌሳ እያሸነፈ ሳለ የሰይድ ደረት ተነፍቶ ቀረ። ይነሳል እንጂ አይወርድም። ከንፈሩ አመድ መሰለ። እማማ ዘይነባ ያረቢ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁት፤ ገባ፣ አየ፣ ከረጢቷን ከቱቦው ነቀላት። ሁላችንም ደነገጥን። ከቱቦው አየሩ እየፈሰሰ ወጣ፣ ረጅም፣ የማያልቅ። ደረቱ ሟሸሸ፤ ቆይቶ ከንፈሩ መለስ አለ። ዶክተሩ መልሶ ገጠመና በራሱ እጅ እያስተነፈሰ፣ ቁጣውን በጥርሱ ይዞ ነገረን። «የሰጣችሁት ሳይወጣ ሌላ ትጨምሩበታላችሁ። አየሩ ውስጥ ታምቆ ልቡን ሊያቆመው ነበር። ከእንግዲህ ያለ ዘፈን።»

ያለ ዘፈን ሞከሩት። ወዳጆቼ፣ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ዝም ብለህ ጭመቅ በሉትና እዩት። ሲያንቀላፋ አገኘሁት አንዱን፣ እጁ ከረጢቷ ላይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ። ቀሰቀስኩትና ደንግጦ ቶሎ ቶሎ ጨመቀ። ሲፈጥኑ ልጁ ይታፈናል፣ ሲተኙ ትንፋሹ ይቆማል። ያኔ ነው እኔ መፍትሔውን ያመጣሁት፤ ሐሳቡ የኔ ነው፣ ማንም ምን ቢል። ዘፈን ይኑር፣ ግን የማይፈጥን ዘፈን። አምባሰል የቸኮለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከረጢቷን ተቀበልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ያን ከወልዲያ የሙዚቃ ቤት ጥግ የተማርኩትን ዜማ ለቀቅሁት። አንድ ስንኝ፣ አንድ ጭመቅ፤ እስኪያልቅ መጠበቅ፤ እንደገና። ዶክተሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየና፣ «ይቺ ናት፣ በዚሁ ቀጥል» አለኝ። ልቤ እንደ ጎማ ተነፋ።

እማማ ዘይነባ ከመሬት ተነሱ። «አንተ ካሳው፣ ልጄ ሳይሞት ሙሾ ታወርድበታለህ?» «ኧረ አምባሰል ነው እማማ።» «አምባሰል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ የማውቀው አልጋ ዙሪያ ተቁሞ እንዲህ የሚዜመው ለማን እንደሆነ ነው። አቁም ብያለሁ።» አባባ ይመርም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነች። በሽተኛ ላይ በቀስታ አይዜምም። ለዚህ ብለን አይደል የአጨዳውን ያነሳነው?» ዶክተሩ የከተማ ልጅ ነው፣ ግራ ገባው። «ዜማ ነው እንጂ ምን ያደርጋል?» «አንተ ልጅ» አሉት እማማ ዘይነባ፣ «መርፌህን ወግተሃል፣ አላህ ይስጥህ። ይሄ ግን ያንተ አይደለም።» ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ከኔ ጋር አልቆመም። ሳንባው ተገኘ፣ መድኃኒቱ ተገኘ፣ ፍጥነቱ ተገኘ፤ ልጁ በይሉኝታ ሊሞት ነው። ንዴቴን ለማስተንፈስ ሌላ ከረጢት በፈለግሁ ነበር።

አቆምኩ። ከረጢቷን ለሽማግሌዎቹ መለስኩ፣ መልሰውም ፈጠኑ። ዶክተሩ በዚያን ጊዜ አልተቆጣም። ሄደና ከእማማ ዘይነባ ጎን ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ እንዲህ ከሆነ ነገን አይደርስም። ዝም ካሉ ያንቀላፋሉ፣ ከዘፈኑ ይፈጥናሉ። ቀስ የሚል ነገር ያስፈልገዋል። ምን እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ። የሚፈሩትን እኔ አላውቅም፣ ልጁን ግን እርስዎ ያውቁታል።» ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ ሰይድን አዩት። ፂም ያወጣ፣ ከአልጋው እግሩ የተረፈ ትልቅ ሰው ነው። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሄደው ከውርጌሳው ሰውዬ እጅ ከረጢቷን ወሰዱና እሹሩሩ ማለት ጀመሩ።

እሹሩሩ። እንደ ሕፃን ልጅ። ጭመቅ፣ እሹሩሩ፣ ልቀቅ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰው። አንዷ ሴት ተቀበለች፣ ሌላዋ ተቀበለች፤ በመጨረሻ አባባ ይመር፣ ያንን የሚያህል ጥምጣምና ነጭ ፂም ይዘው፣ ተራቸው ሲደርስ ከረጢቷን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው እሹሩሩ አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ግን ልብ በሉልኝ፣ ፍጥነቱ የኔው አምባሰል ነው። ከኔ ሲወጣ ሙሾ፣ ከሳቸው ሲወጣ እሹሩሩ።

በዚያው ዜማ ቀን ሆነ፣ መሸ፣ ነጋ። ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ ተረኞቹ ኮሪደሩ ላይ ይተኛሉ። ኦክስጅኑ ሲያልቅ፣ ይሄንንም እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ብየዳ ቤት ካለው ወዳጄ ሲሊንደር ወስጄ በጋሪ አስገፋሁ። አንድ ቀን ደግሞ ካኪ የለበሰ የቀበሌ ሰው ድምፅ ሰምቶ ገባ። «ምን ስብሰባ ነው ያለ ፈቃድ?» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሰይድ ላይ አረፈ። «ይሄ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?» እማማ ዘይነባ ቀና ሳይሉ፣ «አታይም እንዴ ልጄ፣ እሹሩሩ እየተባለለት ነው እኮ። ሕፃን ነው» አሉት። ሰውዬው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ የሰይድን ፂም አየ። አባባ ይመር ትከሻውን ነካ አደረጉትና፣ «ተራህ ነው፣ ና ተቀበል» አሉት። ተቀበለ። ሲጨርስ ቆቡን አድርጎ ወጣ፣ ስለ ዕድሜም ዳግም አልጠየቀ።

ዶክተሩ እግሩን ከፍቶ መግሉን አውጥቶለት ነበር፤ ትኩሳቱ ወረደ፣ ሽንቱ መጣ፣ ጥፍሩ ቀላ። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ስጨምቅ የሆነ ነገር ከውስጥ ገፋኝ። እንደገና ስጨምቅ እንደገና ገፋኝ። «ዶክተር፣ ይከራከረኛል» አልኩት። መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልቀቀው» አለኝ። «ምን?» «እጅህን አንሳ።» አላነሳሁም። ያን ሁሉ ቀን ካቆማችሁ ያቆማል ሲለን ከርሞ አሁን አንሳ ይለኛል። እሱ ራሱ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ዜማውም ቆመ። እማማ ዘይነባ ነጠላቸውን ነከሱ። ደረቱ ዝም አለ። ዝም አለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ለራሱ፣ ከፍ አለ። አልሐምዱሊላህ ያሉት አባባ ይመር ናቸው፤ እኔ እጄ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ቱቦው ከወጣ በኋላ ሰይድ በሻከረ ድምፅ መጀመሪያ ውሃ አለ፣ ቀጥሎ እኔን አየና፣ «ፖምፓውን ለማን ትተኸው መጣህ?» አለኝ።

ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ሌሎችንም በዚሁ መንገድ ሊያክም፣ ሊጽፈውም ያስብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ግንባር ዘመቱ ከተባሉት ሐኪሞች ጋር ሄደ። ከዘመቻው በፊት ወደ ደሴ ተጠርቶ ሲያልፍ፣ መርሳ ላይ መኪናው ለሻይ ሲቆም አግኝቼው፣ «ስትመለስ ታስተምረኛለህ» አልኩት፣ ሳቀ። አልተመለሰም፤ የት እንደደረሰም የነገረኝ የለም። ይሄ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ያ ሁሉ ያወቀው ነገር ከሱ ጋር ሄደ፣ እኔ ጋ የቀረችው እጄ ላይ ያለችው ብቻ ናት፣ እሷንም ነርሷ ትኩሳት ነው አለችኝ።

አሁን ምስክር ትሉኛላችሁ። እማማ ዘይነባና አባባ ይመር፣ አላህ ይማራቸውና፣ አልፈዋል። ውርጌሳ ግን ያሸነፍነው እኛ ነን የሚሉ ሁለት ሦስት አሮጊቶች አሁንም አሉ፤ ሂዱና ጠይቋቸው። ከነሱ በላይ ደግሞ ሰይድ ራሱ መርሳ አስፋልቱ ዳር ጎማ ቤት ከፍቶ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ ተቀምጧል። እሱ ግን ይክዳል። «ወላሂ ካሳው የፈጠረው ነው። እግሬን ትንሽ አመመኝ፣ ተኛሁ፣ ነቃሁ። ሰው በሰው እጅ ተንፍሶ ያውቃል?» ይላል። የዳነው ሰውዬ ራሱ። ስንት ዓመት ለመንኩት፣ አንዴ እንኳ ሰው ፊት አዎ በለኝ ብዬ። ስለዚህ ሂዱና ራሱን ጠይቁት። ሻይ ያዝዝላችኋል፣ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ድረስ አንዴም ሳያርፍ፣ ምራቁን ሳይውጥ፣ ይክድላችኋል። መሀል ላይ ማቋረጥ ከቻላችሁ፣ ይሄን ሁሉ የምትክድበትን ትንፋሽ ማን ሰጠህ በሉልኝ።